ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሌሊቱን ግን ማን ነቅቶ ያድራል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው። አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ 11 ዓመት በእነዚህ ቤቶች በነርስነት ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ 9 ዓመት የፈቃድ ተቆጣጣሪ ሆኜ የሌሎችን በር አንኳኩቻለሁ። የምመልሰው ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ይዤ ነው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣሁም።

*

ውድ ሲስተር፣

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ መርሳትም ጀምረዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፣ ወንድሜም ሩቅ ነው። ሁለት ቤቶች ጎበኘሁ። የመጀመሪያው ያብረቀርቃል፤ ፈቃዱ በወርቃማ ፍሬም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው አሮጌ ነው። ጭራሽ ተቆጣጣሪዎች ሦስት ጉድለት ያገኙበት ሪፖርት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ወንድሜ «ይህ ደግሞ ምን ምርጫ አለው? የመጀመሪያው ነው» ይላል። እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ምኑን ልይ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከፍሬሙ ልጀምር። ፈቃድ ማለት አንድ ሰው አንድ ቀን መጥቶ፣ ቤቱን አይቶ፣ «ለዚህ ያህል ሰው፣ ለዚህ ዓይነት እንክብካቤ ይበቃል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ቀርበሽ አንብቢው። ጎብኚ ሁሉ ከሩቅ አይቶት ያልፋል እንጂ የሚያነበው የለም። የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል? የተጻፈው አድራሻ አንቺ የቆምሽበት ቤት ነው ወይስ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ያላቸው ቤት? ስንት ሰው እንዲያኖሩ ተፈቅዶላቸዋል? ደግሞስ ምን ዓይነት ሰው? በብዙ አገሮች በእግሩ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ከአልጋ የማይነሳ ሰው የሚኖርበት ቤትና የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት የሚጠየቁት መስፈርት አንድ አይደለም። አባትሽ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዱ ይሆናል። የዛሬ ዓመት አልጋ ላይ ቢውሉ ቤቱ ሊያቆያቸው ይፈቀድለታል? ይህን ሳይጠይቁ ሰው አስገብተው፣ ሰውየው ሲደክሙ «ከዚህ በላይ ፈቃዳችን አይፈቅድም» ተብለው በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ቤት ፍለጋ የተንከራተቱ ቤተሰቦችን አውቃለሁ።

ቁጥሩንም ቀላል አታድርጊው። አንድ ጊዜ ለ12 ሰው የተፈቀደ ቤት ልቆጣጠር ሄድኩ። አልጋ ቆጠርኩ፣ 12 ነው። የመመገቢያ ወንበሩም 12። ሁሉም ልክ ነው ብዬ ልወጣ ስል እጄን ለመታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የጥርስ ብሩሾች ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፤ 15 ናቸው። ሦስቱን ሰዎች ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተኝተው አገኘኋቸው። አንዷ እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ነጋ እንዴ?» አሉኝ። ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ነበር። እኚያን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህም የጥርስ ብሩሽ ሳልቆጥር ከቤት ወጥቼ አላውቅም። አንቺም «እጄን ልታጠብ» ብለሽ ግቢ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት። በ9 ዓመት ውስጥ አንድም ጉድለት ያላገኘሁባቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ጉድለት መኖሩ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ሪፖርቱን እንግዳ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፋቸውን እኔ እንደ በጎ ምልክት ነው የምቆጥረው። ግን ሦስቱ ጉድለቶች ምን ምን እንደሆኑ አንብቢ። «የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል» እና «የአንዱ ሰው መድኃኒት ለሌላ ተሰጥቷል» እኩል አይደሉም። ከዚያ የማስተካከያ ዕቅዱን ጠይቂ፦ ማን፣ እስከ መቼ፣ ምን ሊያደርግ ቃል ገባ? ተደረገ ወይ? ካለፈው በፊት የነበረውንም ሪፖርት ለምኚ። አንድ ዓይነት ጉድለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካየሽ፣ ያ ቤት የሚታደሰው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ብቻ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውንም ቤት ያንኑ ጠይቂ። ወዲያው አውጥተው ካሳዩሽ ደግ። «እናፈላልግና እንልክልሻለን» ካሉሽ ወይም ፊታቸው ከተለወጠ፣ ፍሬሙን ረስተሽ ያንን ፊት አስታውሺ። የቁጥጥር ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት የሆነባቸው አገሮች ብዙ ስለሆኑ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤትም በቀጥታ መጠየቅ ትችያለሽ።

ጣሪያውንም ቀና ብለሽ እይ። ጭስ ጠቋሚው ኮሪደር ላይ ብቻ ነው ወይስ እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ውስጥ አለ? ስፕሪንክለር፣ ማለትም ሙቀት ሲደርስበት ውሃ የሚረጨው መሣሪያ፣ አለ ወይ? በካናዳ ኩቤክ፣ ሊል ቬርት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 2014 ሌሊት አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተቃጥሎ 32 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው አሮጌና አዲስ ክፍል ነበረው። ስፕሪንክለር የነበረውና በእሳት መከላከያ ግድግዳ የተለየው አዲሱ ክፍል ሲተርፍ አሮጌው ወደመ። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሌሊት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊት እያየሽ ጠይቂልኝ፦ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ውስጥ ነቅቶ ያለው ማን ነው? ስንት ናቸው? ስንቱ ተጧሪ ከአልጋው ለመነሳት ሰው ይፈልጋል?» «ሰው አለ» የሚል መልስ እንዳትቀበይ። ሰው አለ ማለት ዘበኛው ነው? ከፎቅ የምትተኛዋ ወጥ ቤት ናት? እኔ የቀን ተቆጣጣሪ በነበርኩበት ዘመን ብዙ ቤቶችን በፀሐይ ብርሃን አይቼ «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። አንዳንዶቹን በኋላ ሌሊት ሳያቸው የማውቃቸው ቤቶች አልነበሩም።

*

ሲስተር፣

እኔ የሌሊት ተንከባካቢ ነኝ። 22 አረጋውያን ባሉበት ቤት ብቻዬን አድራለሁ። የመኝታ ክፍሎቹ በሮች ከባድና በራሳቸው የሚዘጉ ናቸው፤ ከተዘጉ ግን ማን እንደተጣራ አይሰማኝም። ስለዚህ ወንበር እያስደገፍኩ ክፍት አሳድራቸዋለሁ። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ወንበሮቹን እናነሳለን። ሌላ ሰው እንዲጨመርልኝ ኃላፊያችንን ብጠይቀው «ፈቃድ አለን፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። ሥራዬን ማጣት አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንበሩን የምታስደግፊው ሲጣሩ ልትሰሚያቸው ፈልገሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ሌሊት አጠገባቸው መኖሩ ለእነዚያ 22 ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በሩን በተመለከተ ልቆጣሽ ነው።

ያ ከባድ በር የተሠራው ለእሳት ነው። በዓይነቱ ጥሩ የሆነ በር ተዘግቶ ሲቆይ እሳትና ጭስን 30 ደቂቃ ያህል ያግዳል። ተኝቶ ያለን ሰው ብዙ ጊዜ ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ ይቀድመዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2004 ስኮትላንድ ውስጥ ሮዝፓርክ በሚባል የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኮሪደር ላይ ካለ ቁም ሣጥን ውስጥ በኤሌክትሪክ ምክንያት እሳት ተነሳ። 14 አረጋውያን ሞቱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ካነሳቸው ነገሮች ሁለቱ ያንቺ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ክፍት ያደሩ የመኝታ ክፍል በሮች ነበሩ። ሁለተኛው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ሠራተኞቹ መጀመሪያ እሳቱ የት እንዳለ ፍለጋ መሄዳቸው ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተጠሩት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነበር። የሌሊት ተረኞቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ሌሊት ያዘጋጃቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምረሽ በሮቹን ዝጊያቸው። በየጊዜው እየዞርሽ በየበሩ ጆሮሽን አስጠጊ፤ የዞርሽበትን ሰዓትም ጻፊ። የጥሪ ደውሉን እያንዳንዳቸው እጃቸው ሊደርስበት በሚችል ቦታ አስቀምጪላቸው፤ አልጋ ሥር የወደቀ ደውል የለም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ያለበት ቁም ሣጥን፣ ልብስ ማጠቢያውና ማድ ቤቱ ሌሊት ፈጽሞ ተከፍተው እንዳያድሩ። የልብስ ማድረቂያውን ማታ ለብቻሽ ስትሆኚ አታሠሪው፤ ውስጡ የሚጠራቀመው ብናኝ ክር ቶሎ ይቀጣጠላል። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ መጀመሪያ ስልኩን አንሺ፣ ከዚያ ነው ሌላው። «ሐሰተኛ ቢሆንስ» ብለሽ እንዳትጠብቂ።

የመስማት ችግርሽ ግን እውነተኛ ነው፤ መፍትሔም አለው። በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ማግኔት አለ፤ ከጭስ ጠቋሚው ጋር ስለሚገናኝ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ በሩን ይለቀዋል፣ በሩም በራሱ ይዘጋል። ኃላፊያችሁ ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ስለ ማውጣቱም ልንገርሽ፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 22 ሰው በደረጃ አውርደሽ ግቢ ማድረስ አትችዪም፤ ከማንም አይጠበቅም። የሚሠራው መንገድ እሳቱ ካለበት ክፍል አንሥቶ በእሳት መከላከያ በር ወደተለየው፣ በዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው ሌላ ክፍል መውሰድ ነው። መጀመሪያ ለእሳቱ ቅርብ የሆኑትን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን። አንድ ጊዜ ለምርመራ ሄጄ አንዲት የሌሊት ተንከባካቢን «እንበልና እዚህ ጭስ አለ፤ እኚህን እናት አውጪልኝ» አልኳት። አልጋው ላይ የተኛሁት እኔው ነበርኩ፤ ሰዓቴንም ያዝኩ። ከፍራሹ ሥር የሚነጠፈው መጎተቻ አንሶላ የት እንዳለ ፈልጋ፣ አስራኝ፣ ጎትታ ከሁለተኛው በር እስክታሳልፈኝ 4 ደቂቃ ፈጀባት። ጠንካራ ልጅ ነበረች። በዚያ ኮሪደር እንደ እኔ የሚጎተቱ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ስሌቱን ስትሠራ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። የእሳት ልምምድ ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ከተደረገ ማንንም አያስተምርም። በሌሊቱ የሰው ቁጥር ነው መደረግ ያለበት።

አሁን ወደ ኃላፊሽ። በአፍ የተነገረ ነገር የተነገረ አይደለም። አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ በዚህ ቀን ሌሊት ተረኛ አንድ፣ ተጧሪ 22፣ በራሳቸው መነሳት የማይችሉ ይህን ያህል፤ ሰው እንዲጨመርና የበር ማግኔት እንዲገጠም እጠይቃለሁ። ቀኑን ጽፈሽ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ። ተቆጥተሽ አትጻፊ፣ ቁጥር ብቻ። መልስ ካላገኘሽ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችያለሽ። በብዙ ቦታ ስም ሳይገለጽ የሚቀርብ ጥቆማ ይቀበላሉ፤ ጠቋሚ ሠራተኛን ከመባረር የሚጠብቅ ሕግ ያለባቸው አገሮችም አሉ። የአገርሽን ጠይቀሽ እወቂ። ጥቆማሽ ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገውን ነገር ስጪ፤ እሱም የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቆማ ይዤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሄጄ ደወልኩ። በሩ የተከፈተልኝ ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ መስመር እሱ ነበር፤ ቤቱም በዚያው ወር ሁለተኛ የሌሊት ተረኛ ቀጠረ።

አንድ ነገር ብቻ ደግሞ እለምንሻለሁ፤ ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ ብለሽ አትፈርሚ። ማንም ቢያዝሽ። አንድ ነገር ቢደርስ ያ ፊርማ የሚገኘው ያንቺ ነው።

*

ሲስተር፣

ሳላስታውቅ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ወገባቸው ላይ በነጠላ ጨርቅ ከወንበሩ ጋር ታስረው አገኘኋቸው። «እንዳይወድቁ ለራሳቸው ደህንነት ነው» አሉኝ። ተቃወምኩ፤ ግን ቢወድቁስ ብዬም ፈራሁ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ትልቁ ድርሻ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ነው። ማሰር ግን መፍትሔው አይደለም። የታሰረ ሰው ለመውጣት ይታገላል፤ ተንሸራቶ ወርዶ ጨርቁ ደረቱን ወይም አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ጡንቻው ይከዳዋል፣ መቀመጫው ይቆስላል፣ በመጨረሻም ሲፈታ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይወድቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ቤቶች ሕግ ሰውን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ማሰርን ከልክሏል። የሌሎች ብዙ አገሮች መመሪያም እንደዚያው ነው። የሐኪም ትእዛዝ፣ የተጻፈ ምክንያት፣ የጊዜ ገደብ ሳይኖር ታስረው ከሆነ ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በደል ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክት።

የአልጋ መከለያ ብረትም እንዲሁ ነው። ብዙ ቤተሰብ ራሱ «አድርጉላቸው» ብሎ ይለምናል። በመከለያውና በፍራሹ መካከል፣ ወይም በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 12 ሴንቲሜትር ከደረሰ ራስ ሊገባበት ይችላል። በዚህ ሰዎች ሞተዋል። ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ በላዩ ሊሻገር ሲል ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል።

ይልቅ እናትህ መቼ እንደሚነሱ ጠይቅ። በሠራሁባቸው ቤቶች የሌሊት መውደቅ አብዛኛው የሚደርሰው ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነበር። ተረኛዋ ከሌሊቱ 6 እና 10 ሰዓት ላይ ራሷ ብትወስዳቸው፣ አልጋው እስከ ወለል ዝቅ ቢል፣ ከጎኑ ለስላሳ ምንጣፍ ቢነጠፍ፣ መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት ቢኖር፣ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ቢያደርጉ፣ የእንቅልፍ መድኃኒታቸውንም ሐኪም ዳግም ቢያየው፣ ጨርቁ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይኖርም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ሌሊት የነቃ ሰው ያስፈልጋል። የሚያስሩትም ሰው ስለሌላቸው ነው።

*

ይድረስ ለሲስተር፣

8 አረጋውያን የሚኖሩበት ትንሽ ቤት አስተዳድራለሁ። ተቆጣጣሪዋ የገላ መታጠቢያውን ውሃ ለክታ 54 ዲግሪ ሆኖ ስላገኘችው ጉድለት ጻፈችብኝ። ማሞቂያውን ዝቅ አደረግሁት። በቀጣዩ ጊዜ የመጣው ባለሙያ ደግሞ «ማሞቂያው 60 ዲግሪ መሆን አለበት» ብሎ ሌላ ጉድለት ጻፈ። እኔ ለየትኛው ልታዘዝ?

መልስ፦

ጌታዬ፣ ብስጭትዎ ይገባኛል፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው። ይህን አለማስረዳታቸው ግን ያስቀየመኝ ነገር ነው። ተቆጣጣሪ ጉድለት ጽፎ ምክንያቱን ሳይናገር ሲሄድ ሥራውን ጨርሷል አልልም።

60 ዲግሪ የሚያስፈልገው ሊጂዮኔላ በምትባል ባክቴሪያ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ በአንድ ሆቴል ለስብሰባ የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በከባድ የሳንባ ምች ታመው ከሞቱ በኋላ ነው የታወቀችው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ ሻወር ሲከፈት በሚወጣው ጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ ሳንባ ትገባለች። የሚጎዱት ደግሞ በተለይ እርስዎ ቤት ያሉት ዓይነት ሰዎች ናቸው። እርስዎ ማሞቂያውን ዝቅ ሲያደርጉት ሳያውቁት ለእሷ መራቢያ አዘጋጁ።

54 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሰው ላይ መፍሰስ የሌለበት ደግሞ ስለሚያቃጥል ነው። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል፤ ስትሮክ የመታው ሰው ቢሰማውም እግሩን ላያወጣ ይችላል። በነርስነት በሠራሁበት አንድ ቤት አንዲት እናት ገንዳ ውስጥ ሁለቱን እግራቸውን ከተው ቆሙ። አልጮኹም። እኛ ያወቅነው ካልሲ ልናደርግላቸው ስንል ነው። ያን ጊዜ ቴርሞሜትር ቢኖረንና አንዳችን ብንለካ ኖሮ አይደርስም ነበር። ያን ቀን ተረኛ ከነበሩት አንዷ እኔ ነበርኩ።

መፍትሔው ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃን የሚደባልቅ ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ ነው። ማሞቂያው ውስጥ ውሃው 60 ዲግሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቫልቩ ገንዳውና ሻወሩ አጠገብ ይገጠምና ሰው ገላ ላይ የሚደርሰውን ያበርደዋል። በብሪታንያ መመሪያ ገላ መታጠቢያ ላይ ከ44 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚባለው፤ ከፍ ያለ ወሰን ያላቸው አገሮችም ስላሉ የራስዎን ደንብ ይመልከቱ። ቫልቩም ይበላሻል፤ ባለሙያ በየጊዜው ይፈትሸው። ማንም የማይጠቀምበት ሻወር ወይም ቧንቧ ካለ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱት፤ ቆሞ የከረመ ውሃ ነው አደገኛው።

ከእያንዳንዱ ገላ መታጠብ በፊት ይለካ፣ ይመዝገብ። በእጅ ክርን መሞከር አይበቃም። ደግሞ መዝገቡ እውነተኛ ይሁን። አንድ ቤት የሙቀት መዝገብ ሲያሳዩኝ 41፣ 41፣ 41 እያለ እስከ ወሩ መጨረሻ ተሞልቷል። ያ ቀን ግን የወሩ 19ኛ ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የትኛውንም ወረቀት ማመን አልቻልኩም፤ የመድኃኒቱን መዝገብ ጭምር።

*

ለአጫጭሮቹ ጥያቄዎች አጭር መልስ።

የአያቷ መድኃኒት ስም በሌለው ትንሽ ኩባያ ጠዋት ተዘጋጅቶ ትሪ ላይ ተደርድሮ እንዳየች የጻፈችልኝ ልጅ፦ ትክክል አይደለም። መድኃኒት ከፋርማሲ በወጣበት፣ ስም በተጻፈበት ማሸጊያ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በሰዓቱ ከዚያው ወጥቶ ለሰውየው ይሰጣል፤ ፊርማ የሚፈረመው ከዋጡ በኋላ ነው። ትሪው ቢንጋደድ የማን የማን እንደነበር ማን ይለየዋል?

ባለቤታቸው መዋጥ ስለሚቸግራቸው መጠጥ ማወፈሪያ ዱቄት እንደተሰጣቸውና ቆርቆሮው ኮመዲኖ ላይ እንደሚቀመጥ የጻፉልኝ አባት፦ እባክዎ ዛሬውኑ ያስነሱት። ዱቄቱ በደረቁ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ትንፋሽ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት በዚህ ምክንያት ሰው ከሞተ በኋላ ለቤቶች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ የለበትም።

«ልጠይቅ የምሄደው በስንት ሰዓት ቢሆን ይሻላል?» ላላችሁኝ ሁሉ፣ በተለይም ለመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ከእራት በኋላ፣ የቀን ፈረቃ ሲወጣና የሌሊቱ ሲገባ፤ ቢቻል ደግሞ እሑድ። አንዱ ለሌላው ምን እያለ እንደሚያስረክብ ስሚ፤ ስለ ሰዎቹ በስማቸው ይነጋገራሉ ወይስ «የ4 ቁጥር» ይላሉ? ከዚያ አባትሽ ሊገቡበት በታሰበው ክፍል ውስጥ የጥሪ ደውሉን ለመጫን ፈቃድ ጠይቂና ተጫኚው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ሰው እስኪመጣ ሰዓትሽን እይ።